ጭራ የሌለው ኮቴ

በዓሣ ገበያው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም «ዳኛዋ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ጀልባ ነጂዎች ናቸው። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ ሹፈቱ ተረሳና ስሙ ቀረ። ከረጢታቸውን ፊቷ ሲዘረግፉት ቀና ብላ እንኳ አታያቸውም። እጇ ብቻ ይሠራል፦ ይሄ ወደ ቀኝ፣ ያ ወደ ግራ፣ ያኛው ደግሞ ወደ ጥቁሩ ባልዲ። ጥቁሩ ባልዲ ውስጥ የገባ ወደ ባሕር ይመለሳል እንጂ ይግባኝ የለውም። አንዱ ጀልባ ነጂ «እትዬ ዳኛ፣ ይቺን እንኳ ይማሩልኝ» ብሎ ሲለማመጣት፣ «ባሕሩን ለምነው፤ እኔ የፈጠርኩት መሰለህ?» ትለዋለች። ምላሷ ስለት ነው። ቢሆንም ከእሷ ጠረጴዛ ገዝቶ የታመመ ሰው ተሰምቶ አያውቅም፤ ይህን የሚጠሏትም አይክዱም።

የምትሠራው ከገበያው ጀርባ፣ ከበረዶ መጋዘኑ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ጠረጴዛዋ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ ሲወርድበት ስለሚውል መሀሉ ተቦርብሯል። የምትቀመጥበት የብረት በርጩማ ላይ የባሏን አሮጌ የሕይወት አድን ጃኬት አጥፋ አንጥፋበታለች። ባሏ ያን ቀን ሳይለብሰው ወጥቶ ባሕር ላይ ቀረ። ሰው «እንዴት አስችሎሽ ትቀመጪበታለሽ?» ሲላት «ለእሱ ያልጠቀመው ለእኔ መቀመጫ ይጥቀም» ትላለች። እንዲህ ስትል የሚስቁ አሉ፤ እሷ ግን በዚህ ስቃ አታውቅም።

አለያየቱን ያስተማረቻት ተከራይዋ ነበረች። ባሏ የሞተ ጊዜ ከቤቷ አንዱን ክፍል ለአንዲት የባሕር እንስሳት አጥኚ አከራየች። ሴትዮዋ ጠረኑ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ዕቃ ሁሉ የምታመጣ፣ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ እራቷን የምትረሳ ሰው ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ማዕድ ቤት ገብታ፣ ዳኛዋ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እሷ ቅርፊት እያገላበጠች ታወራለች።

«መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄ ነው» አለቻት አንድ ቀን። «ቤት ሠሪ ነው ወይስ ልብስ ቀያሪ?»

ቤት ሠሪዎቹ ቀንድ አውጣውና ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎል ናቸው። ገላቸው ለስላሳ ነው፤ ሲያድጉ ቤታቸውን በጠርዙ በኩል እየቀጠሉ ያሰፉታል እንጂ ጥለውት አይወጡም። ልብስ ቀያሪዎቹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። እግራቸው መገጣጠሚያ አለው፤ ቅርፊቱ ሲጠባቸው ይቀድዱትና ወጥተው ሌላ ያበቅላሉ። ዓለት ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ነጭ ሹል ነገር ለዓይን ዛጎል ይመስላል፤ ሲከፍቱት ግን ባለ እግር ስለሆነ ከሸርጣን ወገን ነው። የባሕር ጃርት ደግሞ ከሁለቱም የለበትም። የእሱ ሥጋ ዘመድ ባለ አምስት ክንዱ የባሕር ኮከብ ነው።

ከሁሉ የገረማት ግን ኮቴ ነበር። ኮቴ የሚባለው ጀርባው እንደ ፈረስ ኮቴ የተጠማዘዘ፣ ከኋላው እንደ ወስፌ የሾለ ረጅም ጭራ ያለው እንስሳ ነው። ገበያው በሙሉ ሸርጣን ይለዋል። አይደለም። ሸርጣን ራሱ ላይ አንቴና አለው፤ ኮቴ ግን የለውም። አፉ ፊት ያሉት ትንንሽ መቆንጠጫዎች የጊንጥን ይመስላሉ፤ የቅርብ ዘመዶቹም የብስ ላይ ያሉት ጊንጥና ሸረሪት ናቸው። ይህን የሰማች ቀን ዳኛዋ «ታዲያ እስከ ዛሬ ሸረሪት ስንበላ ኖረናል በይኛ!» ብላ ስትስቅ ድስቱ አረረባት።

ተከራይዋ ግን አብራት አልሳቀችም። ኮቴ በዚያ ባሕር ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ጭራው ባለ ሦስት ጠርዝ ነው፤ ይበላል። የትንሹ ጭራ ክብና ልሙጥ ነው፤ እሱ አንዳንዴ መርዝ ይይዛል። መርዙ አይሸትም፣ አይመርም፣ እሳትም አይገድለውም። ችግሩ ያ «አንዳንዴ» የሚለው ነው። ትንሹን በልቶ ምንም ያልሆነ ሰው ስላለ ገበያው ነገሩን እንደ አሮጊት ወሬ ቆጥሮታል። ዳኛዋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮቴ በመጣ ቁጥር ጭራውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ታሽከረክረዋለች። ጠርዝ ከቆረቆራት ቅርጫት፣ ከተንከባለለላት ጥቁሩ ባልዲ። ጀልባ ነጂዎቹ ደግሞ የተረገመ ልማድ አላቸው፦ ጭራው መረብ ስለሚቀድባቸው ገና ባሕሩ ላይ ሳሉ ቀጭ አድርገው ይሰብሩታል። ስለዚህ ፍርዷ ግልጽ ነበር። ጭራ የሌለው ኮቴ አይሸጥም፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የአለቃም ይሁን የወዳጅ።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። ከአፏ «ለምን» ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ጥያቄ» ይላታል። ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጠረጴዛው ሥር ትቀመጥና እናትና ልጅ ይጫወታሉ። ጨዋታው ቀላል ነው። እናት ሆን ብላ ትሳሳታለች፣ ልጅ ታርማለች።

«የባሕር ጃርት የቀንድ አውጣ ልጅ ነው።»

«አይደለም!»

«ኮቴ ሸርጣን ነው።»

«አይደለም! እማ ደግሞ፣ የጊንጥ ዘመድ ነው አላልሽኝም?»

ልጅቷ «አይደለም» ስትል የበረዶ መጋዘኑ ግድግዳ ያስተጋባል። ዳኛዋ ቀኑን ሙሉ በጨው ውሃ የተላጠው እጇ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሁሉም የመጣው ከዚህ ነውና። ዳኛዋ ፍርዷ ለሰው ነበር እንጂ ለቤቷ አልነበረም። ጭራ የሌለው ኮቴ ሁሉ ጥቁሩ ባልዲ ውስጥ አይቀርም። አንዳንዱን፣ በመልኩም በጀርባውም ትልቁ ዓይነት መሆኑን ዓይኗ ያረጋገጠላትን፣ በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ትወስደዋለች። ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን አሳልፋ አትሰጥም፤ ምክንያቱም ዓይን ይሳሳታል። የራሷ ዓይን ግን የሚሳሳት አይመስላትም ነበር። ልጇን ያሳደገችው በዚያ ነው። ልጅቷ ሳትጎዳ ስታድግ ደግሞ እናትየው በዓይኗ ያላት እምነት እየጠነከረ ሄደ። በዚህ እኔ እፈርድባታለሁ፤ ግን ስንቷ እናት ናት ለእንግዳ የምትጠነቀቀውን ያህል ለራሷ ጓዳ የምትጠነቀቀው?

ጥያቄ አድጋ ጀልባ ነጂ አገባች፤ ወለደችም። አራስነቷን ጨርሳ እንኳ ከእናቷ ቤት አልወጣችም፤ ባሏ ባሕር ላይ ስለሚከርም እዚያው ሆና ታጠባለች። ከወለደች ወዲህ ጠባይዋ ተለውጦ ነበር። ወተቱን ታሸታለች፣ ውሃውን ሁለቴ ታፈላለች፣ እናቷ ያጠበችውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። ይህ ዳኛዋን ውስጥ ውስጡን ከንክኗታል። በገበያው ቃሏ የታመነ ሴት በገዛ ቤቷ ስትመረመር!

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭራው የተሰበረ ኮቴ እጇ ገባ። ቀለሙ የትልቁ ነው። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ገና ያላደገ የትልቁ ዓይነት ነው ብላ ፈረደችና ከጥቁሩ ባልዲ አንስታ በላስቲክ ጠቀለለችው። ቤት ገብታ ስትከፍተው ግጥም ያለ እንቁላል አገኘች። ደስ አላት። «ለምታጠባ ሴት ከዚህ ወዲያ ምን አለ!» አለች ለብቻዋ፣ እሳቱ ላይ ስታደርገው።

ምሳ ሲቀርብ ጥያቄ ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች። ማንኪያውን ከማንሳቷ በፊት ሳህኑን ተመለከተችና፣

«እማ፣ ጭራ ነበረው?» አለች።

«ነበረው እንጂ!» አለች ዳኛዋ ቱግ ብላ። «ለልጄ ጭራ የሌለው አበላለሁ? ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ብዪ አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ጥያቄ ፈገግ ብላ በላች። እናቷ አልቀመሰችም። ለልጇ እንዲበቃ ብላ ነው።

ሳህኑ ታጥቦ ሳይደርቅ ጥያቄ ከንፈሯን በጣቷ መዳሰስ ጀመረች። «ከንፈሬን ደነዘዘኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና ምላሷ ተያዘ፤ ቃሏ መንተባተብ ጀመረ። ዳኛዋ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ስትል ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሕፃኑን በሁለት እጇ እንደምንም ይዛ አየቻት።

«እማ፣ ተቀበዪኝ። እጄ ሊጥለው ነው።»

ዳኛዋ ሕፃኑን ስትቀበል የልጇ ክንድ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ ታች ወረደ። ቀጥሎ ጥያቄን ጉልበቷ ከዳት።

ጎረቤት የዓሣ ማመላለሻ መኪናውን አስነስቶ አደረሳቸው። ሕፃኑ ከጎረቤቱ ሚስት ጋር ቀረ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ጥያቄ እግሯን ማንቀሳቀስ አቅቷት፣ ደረቷም በግድ ነበር ከፍ ዝቅ የሚለው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ኮቴ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«የትኛው ነው? ጭራውን አይተዋል እናት?»

  በገበያው ስንት ጊዜ ዳኛዋ ራሷ የጠየቀችውን ጥያቄ ነው የጠየቃት።

ሐኪሙ አልጠበቃትም። «ለማንኛውም ሕክምናው አንድ ነው» አለና ቱቦ በልጅቷ ጉሮሮ አስገባ። ከዚያ እየሠራ ነገራት። ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ጡንቻዋን ሁሉ ያስራል፣ መተንፈሻዋንም ጭምር፤ ሰውነቷ ራሱ እስኪያስወጣው ድረስ ሌላ ሰው ሊተነፍስላት ይገባል። ያለችው አንዲት ማሽን ሌላ በሽተኛ ላይ ናት። ስለዚህ በእጅ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ከረጢት ገጠመ፤ ነርሷ ለዳኛዋ አሳየቻት፦ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ደረቷ ሲነሳ አይተው፣ እንደገና ጨመቅ።

«ደግሞ ትሰማለች» አለ ሐኪሙ። «ዓይኗ አይንቀሳቀስም፣ ጣቷ አይንቀሳቀስም፤ ሁሉን ግን ትሰማለች። ያዋሯት።»

ትሰማለች። ዳኛዋ ከዚህ ቃል ጋር ነው ብቻዋን የቀረችው።

ጨመቀች፣ ለቀቀች። ስንት ዘመን ቅርፊት የለየው እጅ አሁን አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ከረጢቱ እንዲህ የለሰለሰ ሆኖ እንዲህ እንደሚከብድ ማን ነገራት? ነርሷ «ላግዝዎት» ስትላት ራሷን ነቀነቀች። ምን እንደምትናገር አታውቅም። ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ይቅርታ ካለች ግን ምን እንዳደረገች መናገሯ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን ማውራት ጀመረች።

«ቀንድ አውጣ ቤት ሠሪ ነው» አለች። ጨመቅ። «ቤቱን ጥሎ አይወጣም።» ለቀቅ። «ሸርጣን ልብስ ቀያሪ ነው።» ጨመቅ። ከዚያ «ኮቴ ሸርጣን ነው» አለችና ጠበቀች።

ጥያቄ ጣሪያውን እያየች ተኝታለች። ነርሷ ዓይኗ እንዳይደርቅ ጨዋማ ጠብታ አድርጋ በእርጥብ ፋሻ ከደነችላት።

«ኮቴ ሸርጣን ነው አልኩሽ እኮ! አትሰሚም? ሸርጣን ነው!»

 የከረጢቱ እስትንፋስ ብቻ።

ያን ጊዜ ነው እንቁላሉ ትዝ ያላት። እጇ መጨመቁን አላቆመም። ገና ያላደገ ነው ብላ ነበር የፈረደችው። ያላደገ ኮቴ እንቁላል የለውም! ትንሽ ሆኖ እንቁላል ከያዘ ያደገ ትንሽ ነው፤ ያደገ ትንሽ ደግሞ ባለ ክብ ጭራው ነው። ተከራይዋ ነግራታለች፤ ለጀልባ ነጂዎችም እሷው ራሷ ስትናገር ኖራለች። እንቁላሉ ፊቷ ተዘርግፎ እውነቱን ሲነግራት እሷ ደስ ብሏት እሳት ላይ ጣደችው። ጭራ እንኳ አላስፈለገም ነበር። የቀረባት ጭራው አልነበረም፤ ልቦናዋ ነው።

አመሻሹ ላይ አማቿ፣ የጥያቄ ባል፣ ከባሕር እንደወጣ ልብሱን ሳይለውጥ መጣ። ያለቅስ የነበረውን ልጁን ከጎረቤት ተቀብሎ ታቅፎታል። ሚስቱ አልጋ አጠገብ ቆመ። ሕፃኑ በረሀብ ሲጮህ፣ ሬሳ መስላ የተኛችው ልጅ ልብስ ደረቷ ላይ እየራሰ ሄደ። ወተቷ ነበር። ጣቷን ማንሳት ያቃታት ሴት ለልጇ ጩኸት ወተቷ ወረደ። አማትየው ይህን አይታ ጮኸች፤ ቢሆንም እጇን ከከረጢቱ አላነሳችም።

«ሕፃኑን አውጣው» አለች። «ትሰማለች። አታሰቃያት።»

ልጁን ለጎረቤት አስረክቦ ሲመለስ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ማነው የሸጠልዎት እማማ?»

ዳኛዋ ከረጢቱን ጨመቀች።

«ከሌላ ጠረጴዛ ገዝተው ነው አይደል? እርስዎማ እንዲህ ያለ አያሳልፉም። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። ስሙን ብቻ!»

ይህቺን ቀዳዳ አየቻት። ሳትፈልግ የተከፈተችላት በር ነበረች፤ ለመግባት አንድ ቃል እንኳ አያስፈልጋትም፣ ዝምታ ይበቃል።

«ቆይ እስቲ» አለች ዓይኗን ከረጢቱ ላይ ተክላ። «መጀመሪያ እሷ ትዳን።»

አማቿ ይህን እንደ አዎንታ ወሰደው። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰ፣ የጠረጠራቸውን ሻጮች ስም አንድ በአንድ ሲጠራ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር። ለዳኛዋ ይሰማል፤ አልጋው ላይ ላለችውም ይሰማል። ዳኛዋ ይህን አስባ የልጇን ፊት ማየት አቃታት።

እሱ ሊያግዛት ሲመጣ አልሰጥም አለች፤ ጣቷ ቁርጥማት ይዞት መታጠፍ ሲያቅተው ግን በግድ ነጠቃት። ሌሊቱ እንዲህ በመፈራረቅ አለፈ። ስታርፍም አላረፈችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የልጇን የሕፃንነት ጨዋታ ደጋግማ ትላታለች፤ የባሕር ጃርት የቀንድ አውጣ ልጅ ነው፣ ሽሪምፕ ዛጎል ነው፣ ኮቴ ሸርጣን ነው። በዓለም ላይ ያለውን ቅርፊት ሁሉ ያለ ወገኑ መደበችው። አንድ «አይደለም» ብቻ ነበር የምትለምነው። ፈጣሪን ለመነች፣ ባሏን ለመነች፣ የባሏን ባሕር ሳይቀር ለመነች። 

ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትወጣ የልጅቷ ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። ነርሷ ፋሻውን አነሳችላት። ከዚያ ቅንድቧ፣ ከዚያ ትከሻዋ፤ ቆየት ብሎ ደረቷ ከረጢቱን ሳይጠብቅ በራሱ ተነሳ። ሐኪሙ እየተመላለሰ ሲያያት ቆየ። እኩለ ቀን ላይ «በቃ፣ ራሷ ትተነፍሳለች» ብሎ ቱቦውን አወጣው።

ዳኛዋ ወለሉ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ስትነሳ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አማቿ ሕፃኑን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልጇ ዓይኗን ገልጣ ታያታለች። ዳኛዋ እጇን ያዘቻትና እንደ ድሮው፣ ያኔ ከጠረጴዛው ሥር ለተቀመጠችው ልጅ እንደምትል፣

«ኮቴ ሸርጣን ነው። አይደል የኔ እናት?» አለቻት።

ጥያቄ ከንፈሯን አላወሰች። ጉሮሮዋ በቱቦው ተልጦ ድምጿ ሻክሯል። እናቷ ጆሮዋን አስጠጋች። ያን ቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ የለመነችውን ቃል፣ ልትሰማ ነው።

«ጭራ… አልነበረውም» አለች ጥያቄ።

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። እንደ ልጅነቷ የእናቷን ስሕተት አረመች፣ ያ ብቻ ነው።

«ምን አለች?» አለ አማቿ ወደ አልጋው እየመጣ። «እማማ፣ ምን አለች?»

ዳኛዋ ቀና አለች። «ውሃ አለች»፣ «ልጄን አለች» ማለት ትችል ነበር። ልጇም ሁለተኛ ለመናገር አቅም አልነበራትም። ዓይኗን ግን ከእናቷ ላይ አላነሳችም።

«ጭራ አልነበረውም አለች» አለች ዳኛዋ። «እውነቷን ነው። ማንም አልሸጠልኝም። እኔ ነኝ ከጥቁሩ ባልዲ አንስቼ ያመጣሁላት። ጠይቃኝ ነበር፤ ነበረው አልኳት።»

አማቿ ሕፃኑን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገና በአልጋው በሌላኛው በኩል ዞሮ ቆመ። ዳኛዋ የልጇን እጅ ለመልቀቅ ጣቷን ፈታች። ጥያቄ ጣቷን ለማንቀሳቀስ ሞከረች፤ ለመያዝ ይሁን ለማስለቀቅ፣ አቅም ስላልነበራት ሊለይ አልቻለም።